ሃያ ሁለት ቀን ተኩል

ይሻው ሁለት ዕዳ ነበረበት፤ አንዱ የመንግሥት፣ አንዱ የመንደር። የመንግሥቱ የወጪ መጋራት የሚሉት ነው። አምስት ዓመት ሕግ ሲማር የበላው ሽሮና የተኛበት ተደራራቢ አልጋ በብር ተተምኖ በስሙ ተጽፏል። መንግሥት ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትዕግሥተኛ አበዳሪ ነው፤ ሥራ እስክትይዝ ይጠብቅህና ከደመወዝህ ይቆርጣል። ይሻው ሥራ ስላልያዘ እሱም ዝም ብሎ ይጠብቃል። የመንደሩ ዕዳ እንዲህ አይደለም። የመንደሩ ዕዳ በእግሩ የሚሄድ ነው፤ ማልዶ ይነሳል፣ በር ያንኳኳል፣ ማጭድም ይዞ ይመጣል።

ነገሩ የጀመረው ይሻው የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለ አባቱ ሲሞቱ ነው። እናቱ ወይዘሮ ውዴ ከገሳይ ከተማ፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብላ ባለችው መንደራቸው፣ ከሁለት ጥማድ የስንዴ መሬትና ከአንዲት ላም ጋር ብቻቸውን ቀሩ። እዚያ መንደር አጨዳው በወንፈል ነው። ዛሬ አንተ የኔን ታጭዳለህ፣ ነገ እኔ ያንተን አጭዳለሁ፤ ቀን በቀን ይመለሳል። ወይዘሮ ውዴ ግን የሚልኩት ሰው የላቸውም። ጎረቤቱ ተሰብስቦ መከረና "ይሻው ሲመረቅ ይመልሳል" ብሎ ጨረሰ። በዚህ ቃል አራት ዓመት አረሱላቸው፣ አጨዱላቸው፣ ወቁላቸው። እሳቸውም በየሰዉ ማሳ አረም እየወጡ ከዕዳው ጥቂት ጥቂት ቀነሱ። የቀረው ሃያ ሦስት ቀን ነበር። የትም አልተጻፈም፤ ግን ከመንደሩ ሰው አንድ እንኳ ሃያ ሁለት ወይም ሃያ አራት ብሎ የሚሳሳት አልነበረም።

ይሻው ተመረቀ። ተመርቆም አንድ ዓመት ከምናምን ደብረ ታቦር ላይ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ሥራ ፈለገ። የማስታወቂያ ሰሌዳ ያላነበበበት መሥሪያ ቤት አልነበረም። አብዛኛው "የሥራ ልምድ፦ ሁለት ዓመት" ይላል። አልፎ አልፎ "ዜሮ ዓመት" የሚል ሲወጣ ለአንድ ቦታ አራት መቶ ሰው ይሰለፋል። ማስረጃዎቹን ደጋግሞ ከማባዛቱ የተነሳ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ ውጤቱን በቃሉ ያዘው። "የውል ሕግ ላይ እኮ ኤ ነህ፤ ምነው ሥራ አጣህ?" እያለ አንጀቱን ያሳርረዋል። ለረዳት ዐቃቤ ሕግነት የተመዘገበበት ፈተናም መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት ሁለት ጊዜ ተላለፈ። መስከረም ላይ የኪራይ ድርሻውን መክፈል ሲያቅተው መጻሕፍቱን በማዳበሪያ ከረጢት አስሮ፣ ሚኒባስ ላይ አስጭኖ እናቱ ቤት ገባ።

ኅዳር በባተ በመጀመሪያው ሐሙስ፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ በር ተንኳኳ። አያ ሙላቴ ነበሩ። አያ ሙላቴ የወንፈሉ አለቃ ናቸው፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ማን ለማን ስንት ቀን እንዳለበት በቃላቸው የያዙ፣ በዚህም ጉዳይ ቀልድ የማያውቁ ሽማግሌ።

"እንዴት አደርህ ይሻው?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። እንዴት አደሩ አያ ሙላቴ?"

"ደኅና። ሃያ ሦስት ቀን አለብህ። ዛሬ ከአዳነ ማሳ ትጀምራለህ።"

ማጭዱን አስጨብጠውት ሄዱ። የፍርድ ቤት መጥሪያ እንኳ ከዚህ ይረዝማል።

አዳነ የይሻው አብሮ አደግ ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ትቶ፣ አግብቶ፣ ሁለት ልጆችና ሁለት በሬዎች አፍርቷል፤ ምላሱም ከማጭዱ ይስላል። ይሻው የመጀመሪያዋን ግማሽ ሰዓት እንደ ጎበዝ ጀመረ። ከዚያ ወገቡ እንቢ አለ። ሌላው ሰው ሦስት ነዶ ሲያስር እሱ አንድ ያስራል፤ ያሰራትም ዞር ሳይል ትፈታለች።

"ጠበቃ!" አለ አዳነ ከፊት ሆኖ። "ስንዴውን ቃሉን እየተቀበልከው ነው እንዴ? እጨደው እንጅ!"

ማሳው በሳቅ ታወከ። ይሻውም ሳቀ፤ ምን ያድርግ። ቀትር ላይ መዳፉ ውሃ ቋጠረ፣ ወደ ማታ ፈነዳ። ፀሐይ ስትጠልቅ አያ ሙላቴ በማሳው ዳር እየዞሩ የይሻውን ነዶዎች በበትራቸው ነካ ነካ አደረጉና ፈረዱ።

"የዛሬው ግማሽ ቀን ተብሎ ይያዝ።"

"እንዴ አያ ሙላቴ! ጠዋት መጥቼ እኮ ማታ ነው የምሄደው!"

"መምጣቱንማ መጥተሃል።"

ስለዚህ ሃያ ሁለት ቀን ተኩል ቀረው። ይሻው ወደ ቤት ሲያዘግም አሰላው፤ በዚህ አያያዝ ግማሽ ግማሽ እየተያዘለት አርባ አምስት ቀን ማጨዱ ነው። አገሩ ሁሉ ስንዴውን ከቶ፣ ወቅቶ፣ ጎተራ አስገብቶ ሲያበቃ እሱ ገና የሚያጭደው እየፈለገ ሊዞር ነው።

ዓርብና ቅዳሜ እጁ አብጦ ቤት ዋለ። ያበጠ እጅ ያለው የሕግ ባለሙያ ደግሞ የሚሠራው ማሰብ ብቻ ነው። መጀመሪያ ይርጋ መጣለት፤ ዕዳው በጊዜ ብዛት ወድቆ ይሆን? ነገር ግን ይርጋው አሥር ዓመት ነው፣ ዕዳው ገና አራት ዓመቱ። ውሉ በጽሑፍ አልተደረገም ሊልም አማረውና አፈረ። እናቱ መዳፉን ቅቤ እየቀቡ፣ ጎረቤቶቻቸውን ሲያመሰግኑ ነው መፍትሔው ሳይጠራ የመጣው።

"እኒህን ሰዎች እንዳታስቀይምብኝ ልጀ። እኔም አቅሜ የፈቀደውን አድርጌላቸዋለሁ። በየዓመቱ በግ አርጄ፣ ሁለት ጋን ጠላ ጠምቄ..."

"በግ?"

"በግ ነዋ።"

"በየዓመቱ?"

"በየዓመቱ። ምነው?"

ይሻው ብድግ አለ። በወንፈል ቀን የሚቀርበው ቆሎና ቂጣ ነው፤ ቢበዛ ጎመን። በግ ታርዶ፣ ጠላ በጋን ወጥቶ፣ እየተዘፈነ የሚታጨድ አጨዳ ስሙ ሌላ ነው፤ ደቦ ይባላል። በደቦ ደግሞ ባለቤቱ ደግሶ ይጠራል፣ የተጠራው በልቶ ጠጥቶ ይሠራል፣ ከዚያ በኋላ ማንም ለማንም ምንም የለበትም። ድግሱ ራሱ ክፍያው ነው! ይሻው በዚያች ቅጽበት የነበረው ደስታ የተመረቀ ዕለት እንኳ አልነበረውም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ካለው ጽድ ሥር፣ ጉዳዩን ለሽማግሎች አቀረበ። አያ ሙላቴ ባለጉዳይ ስለሆኑ ቄስ በላይነህ በሰብሳቢነት ተቀመጡ። መንደሩ በሙሉ ቆሞ ያዳምጣል፤ የራሱን ልጅ ሲከራከር ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቱ ነው። ይሻው የምርቃት ሱፉን ለብሷል፣ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሏል፣ ድምፁን ሞረድ ሞረድ አድርጎ ምስክሩን ጠራ።

"አቶ አዳነ፣ አምና እናቴ ማሳ ላይ ስታጭድ ምሳህ ምን ነበር?"

"የምን አቶ ነው እሱ? አብረን ጥጃ የጠበቅን!"

"ጥያቄውን ብቻ መልስ።"

"ሥጋ።"

"ስንት ጊዜ ተጨመረልህ?"

አዳነ ወደ ሚስቱ ሰረቅ አድርጎ አየ። "ሁለት። በል ሦስት።"

"ጠላውስ?"

"እሱን ማን ቆጥሮት።"

"ዘፍነሃል?"

"እኔ አልዘፈንኩም፤ ጠላው ነው የዘፈነው።"

ቄስ በላይነህ ሳቃቸውን በመስቀላቸው ጋረዱት። ይሻው ማስረጃውን ዘርግቶ፣ ደቦን ከወንፈል ለይቶ፣ ክርክሩን ጠቅልሎ ሲቀመጥ፣ ከሴቶቹ መሃል አንዷ እልል አለች። ሽማግሎቹ አንገት ለአንገት ገጥመው ተመካከሩ። እውነቱን ለመናገር ግማሹ ፍርዳቸው ኩራት ነበር፤ ልጃቸው ተምሮ እንዲህ ሲናገር ሰምተው እንዴት ይፍረዱበት?

"በግ ታርዷል" አሉ ቄስ በላይነህ። "ጠላ ተጠጥቷል። ተዘፍኗል። እንግዲህ ደቦ ነው። ይሻው ዕዳ የለበትም።"

አያ ሙላቴ በትራቸውን አንስተው ሄዱ። ወይዘሮ ውዴም የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው ከሁሉም ቀድመው ወደ ቤት ወረዱ። ይሻው የደስታ ዕንባ መሰለው። የመጀመሪያ ክሱን የረታ ሰው እንዲህ ነው፤ የእናቱን ፊት እንኳ በትክክል አያነብም።

ሰኞ ጠዋት የአንድ ጎረቤት ተራ ነበር። ሰውየው ማጭዱን ስሎ፣ ማሳው ዳር ቆሞ ጠበቀ። ማንም አልመጣም። በየበሩ ሄዶ ቢጠይቅ በየበሩ ያገኘው መልስ አንድ ሆነ። አንዱ "ሚስቴ ዶሮ ሠርታ አላበላችህም? ያ ደቦ ነበር" አለው። ሌላው "ዕንቁላሉን ረሳኸው?" አለው። አዳነ ለአያ ሙላቴ ስድስት ቀን ነበረበት፤ እሱም አንገቱን እያሻሸ "አያ ሙላቴ፣ የዶሮዋን ፈረሰኛ ለአንቱ ነበር ያወጣንልዎ፤ እንግዲህ በይሻው ፍርድ..." አላቸው።

በይሻው ፍርድ! በአንድ ቀን መንደሩ አራት ዓመት ሙሉ ማን ለማን ምን እንዳበላ ማስታወስ ጀመረ። ባለዕዳ የሆነ ሁሉ ድግሱን ያበዛል፣ ባለመብት የሆነ ሁሉ የበላውን ይክዳል። ያልገባው ደግሞ ወደ ይሻው ቤት ይመጣል። አንዱ ጎመን በቅቤ ከተሠራ ደቦ ያሰኛል ወይ ብሎ ጠየቀ። ሌላው የታረደው በግ ታሞ የነበረ እንደሆነስ ብሎ ተከራከረ። ይሻው እስከ ሰኞ ማታ ዘጠኝ ደንበኞች አፈራ፤ አንድም የሚከፍል የለም። ስንዴው ግን እንደቆመ ነው።

ማክሰኞ ወይዘሮ ውዴ ከሁለት ቀን ዝምታ በኋላ አፋቸውን ከፈቱ።

"የኛን ስንዴ ማን ያጭደው?"

"እኔ አጭደዋለሁ እማ።"

"አንተ እስክትጨርስ ፋሲካ ይደርሳል።"

"እንግዲያው ደቦ እንጠራለን።"

"በጉንስ ከየት ታመጣለህ? አምና የገዛሁት የአባትህን ጋቢ ሸጬ ነው።" ድምፃቸው አልጨመረም፤ የሚያስፈራውም እሱ ነበር። "በጉን ያረድኩ ዕዳ ልከፍልበት መስሎህ ነው? ሰው ሁሉ ልጁን፣ ወንድሙን ይዞ ሲመጣ እኔ የምልከው አጥቼ፣ አፍሬ ነው ያረድኩት። አንተ እፍረቴን ማስረጃ አድርገህ ጽዱ ሥር ሰው ሁሉ ፊት ዘረጋኸው።"

ይሻው ክፉኛ አፈረ፤ ሱፉን አይቶ አፈረ፣ ያቺን "ጥያቄውን ብቻ መልስ" ያላትን አስታውሶ አፈረ። በዚህ መሃል ስልኩ ጮኸ። አብራው የተመረቀችው ሃና ነበረች፤ ከደብረ ታቦር።

"ይሻው! ፈተናው ሐሙስ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል። ዛሬ ነው የተለጠፈው፤ የቀረ ሰው ይሰረዛል ይላል። እንዳትቀር!"

"ሐሙስ የሚመጣው?"

"የሚመጣው ነዋ! ከነገ ወዲያ!"

ወይዘሮ ውዴ ጓሮ ሄደው ላሟን ማለብ ጀመሩ። የሰሙ አይመስሉም ነበር።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ጉና ተራራ ላይ ደመና ተከመረ። የኅዳር ዝናብ በእንጭጩ ሳይሆን በደረሰ ስንዴ ላይ ነው የሚመጣው፤ ያረግፈዋል፣ ያበሰብሰዋል፣ የዓመት ልፋትን በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል። መንደሩ ደመናውን ያያል፣ ስንዴውን ያያል፣ እርስ በርሱ ይተያያል። ለማጨድ የሚንቀሳቀስ ግን አልነበረም፤ ቀድሞ የወጣ ዕዳ እንዳለበት እንዳመነ ይቆጠርበታላ።

ይሻው ቄስ በላይነህ ቤት ሮጠ።

"አባ፣ ይግባኝ ልጠይቅ ነው።"

"ማን ተፈረደበት?"

"አልተፈረደብኝም። ተፈረደልኝ እንጅ።"

"ታዲያ ይግባኙን የሚጠይቀው ማን ነው?"

"እኔ።"

"በማን ላይ?"

"በራሴ ላይ።"

ቄስ በላይነህ ትኩር ብለው አዩት። "ይኸም እዚያው ትምህርት ቤት ነው የተማራችሁት?" አሉና ጥምጥማቸውን አስተካክለው ተነሱ።

ሰው ለመሰብሰብ ጊዜ አልወሰደም፤ ሁሉም ሥራ ፈትቶ ደጁ ተቀምጧል። ይሻው በዚህ ጊዜ ሱፉን አልለበሰም። ምስክርም አልጠራም።

"እሑድ ያልኳችሁ ትክክል አልነበረም" አለ። "እናቴ በግ ያረደችው ደቦ ጠርታ አይደለም። የምትልከው ሰው ስላልነበራት፣ አፍራ ነው። እኔ ነበርኩ መላክ የነበረብኝ፤ እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጬ እናንተ በየዓመቱ ስታጭዱልኝ እበላ ነበር። አሁን ያንን በግ መልሼ እናንተን ልረታበት ሞከርኩ። ዕዳው አለብኝ። ሃያ ሁለት ቀን።"

"ተኩል" አሉ አያ ሙላቴ ከኋላ።

"ተኩል" አለ ይሻው።

አዳነ ጉሮሮውን ጠረገና ማንም ሳይጠይቀው "ለአያ ሙላቴ ስድስት ቀን አለብኝ፤ ፈረሰኛውም አጥንት ብቻ ነበር" አለ። ሳቁ ሲፈነዳ ሌላውም፣ ሌላውም ያለበትን እየተናገረ ተነሳ። ቄስ በላይነህ የእሑዱን ፍርድ ሻሩት።

"ነገስ የማን ተራ ነው?" ሲሉ ጠየቁ።

"የሙላቴ" አለ ሰዉ በአንድ ድምፅ።

ነገ ሐሙስ ነው። ሰዎቹ አንድ በአንድ "እወጣለሁ፣ እወጣለሁ" እያሉ ተራው ይሻው ጋ ደረሰ። አሁን ተነስቶ "እኔ ነገ ጉዳይ አለኝ" ቢል፣ ገና በምራቅ የተጣበቀውን ነገር በራሱ እጅ መገንጠሉ ነው። ዓመት ሙሉ የጠበቀው ፈተና በዓይኑ ላይ ዞረ፤ የሃናም ድምፅ ጆሮው ላይ ጮኸ።

"እወጣለሁ" አለ።

ያን ሌሊት የተኛው ትንሽ ነው። ጎህ ሲቀድ ማጭዱን ይዞ በሩን ሲከፍት አያ ሙላቴ ደጁ ላይ ቆመዋል። እጃቸውን ዘረጉ።

"ማጭዱን አምጣ።"

"ምነው አያ ሙላቴ? እየመጣሁ እኮ ነው።"

"ውዴ ትናንት ማታ ነግራኛለች። ፈተና አለህ አይደል? በአንተ ፈንታ እኔ እቆማለሁ።"

"በራስዎ ማሳ ላይ፣ በእኔ ፈንታ?"

"ሕግ ይከለክላል?"

ይሻው አሰበ። የውል ሕግ ላይ ኤ ያመጣው እሱ አይደል? ከአንድ ጥግ እስከ አንድ ጥግ ቢፈልግ የሚከለክል አንቀጽ አጣ።

"አይከለክልም።"

"እንግዲያው ሂድ፤ ሚኒባሱ አይጠብቅህም። ቀኗን ግን እይዛታለሁ።"

እናቱ ከኋላው መታወቂያውን፣ እስክሪብቶውንና የሚኒባስ ብር አስጨበጡት። አንገትጌውንም አቃኑለት።

ደብረ ታቦር የፈተናው አዳራሽ ውስጥ መቶ አርባ ሰው ለሦስት ቦታ ተቀምጧል። ፈታኙ በየወንበሩ ሲዞር የይሻውን የተጠቀለለ እጅ አይቶ ቆመ። ጨርቁ ውስጥ የተጻፈ ነገር ያለ መስሎት አስፈታው። መዳፉን አገላብጦ አየ፣ የፈነዳውን ቁስል አየ፣ ፊቱን አየ።

"አንተ፣ ያጠናኸው ሕግ ነው?"

"ሕግም ስንዴም" አለ ይሻው።

የመጨረሻው ጥያቄ ግዴታ ቀሪ የሚሆንባቸውን ምክንያቶች ዘርዝረህ አስረዳ የሚል ነበር። ይሻው ሳቅ አመለጠውና ፈታኙ እንደገና ዞሮ አየው። ከዚያ አቀርቅሮ ጻፈ። እስክሪብቶው ቁስሉን እየነካ ያቃጥለዋል፤ እሱ ግን ወረቀቱ እስኪያልቅ ጻፈ።

ሲወጣ ደብረ ታቦር ላይ ዝናብ ጀምሯል። በሚኒባሱ መስኮት ውሃው ሲወርድ እያየ፣ እስከ ገሳይ ድረስ ስንዴውን እንጅ ፈተናውን አላሰበም። ከአስፋልቱ ወርዶ በጭቃው እየተንሸራተተ ሮጠ። መጀመሪያ ያየው የአያ ሙላቴን ማሳ ነው። ስንዴው እንደቆመ ነው፤ ዝናብ እየወረደበት አንገቱን ደፍቷል። አንድ ነዶ እንኳ አልታጨደም።

አልወጡም ማለት ነው! በእኔ ምክንያት ነው አለ፤ እኔ ስቀር እነሱም ቀሩ። ዕንባው ከዝናቡ ጋር ተደባልቆ ወረደ። ቀና ሲል ግን ዓይኑ ወደ ታች፣ ወደ እናቱ ማሳ ሄደ። ማሳው ባዶ ነው። ታጭዶ፣ ተሰብስቦ፣ ዳር ላይ ተከምሮ፣ ሰፊ ላስቲክ ለብሶ፣ ላስቲኩ በድንጋይ ተይዟል።

ቤቱ ደጅ ላይ፣ ከጣራው ክፈፍ ሥር፣ አሥራ አንድ ሰው ተደርድሮ ተቀምጧል። ልብሳቸው ረጥቧል፣ ፊታቸው ጠቁሯል። አያ ሙላቴ መሃል ናቸው። ወይዘሮ ውዴ በተዘጋው በር ፊት እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል።

"አያ ሙላቴ" አለ ይሻው እያለከለከ፣ "ተራው የአንቱ አልነበረም እንዴ?"

"ነበር። ደመናው ሲወርድ ተራዬን ለእናትህ ሰጠሁ። የኔ ስንዴ ገና ነው፣ ይችላል። የናንተ ሊረግፍ ነበር።"

ይሻው ሊያመሰግን አፉን ከፈተ፤ እናቱ ግን ፋታ አልሰጡትም።

"ከሁሉ በፊት ፍረድ" አሉት። "የዛሬው ደቦ ነው ወንፈል?"

"እንዴ እማ፣ አሁን እሱ..."

"ፍረድ።"

ይሻው አሥራ አንዱን ሰዎች አየ። እነሱም አዩት። እንግዲህ ልማዱ ነውና ጠየቀ። "ምን አበላሻቸው?"

"ውሃ አጠጣኋቸው።"

"ውሃ ብቻ?"

"ውሃ ብቻ። ከጠዋት ጀምሮ ቆሎ እንኳ አላቀመስኳቸውም። አሥራ አንድም ምስክር አለኝ።"

"እውነቷን ነው!" ብሎ አዳነ ከተቀመጠበት ጮኸ። "ጠላው በበሩ ቀዳዳ እየሸተተን ነው የዋለ! ዳቦ ተደፍቷል፣ አይቼዋለሁ! ይሻው፣ በወለደችህ እናት፣ ፈጠን ብለህ ፍረድና አንጀታችን ሳይታጠፍ እንግባ!"

ያን ጊዜ ነው ይሻው የገባው። እናቱ ቀኑን ሙሉ ጠላውንና ዳቦውን ቆልፈው፣ የሚወዷቸውን ሰዎች አስርበው የዋሉት፣ ማንም፣ ከሁሉም በላይ የራሳቸው ልጅ፣ ዳግመኛ ደቦ ነበር እንዳይል ነው። ልቡ ስፍስፍ አለ፣ ሳቁም መጣበት።

"ወንፈል ነው" አለ።

"ጮክ በል።"

"ወንፈል ነው! አሥራ አንድ ቀን ተጨምሮብኛል። ከነባሩ ጋር ሠላሳ ሦስት ቀን ተኩል አለብኝ!"

ወይዘሮ ውዴ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። "በሉ ግቡ። ብሉልኝ፣ ጠጡልኝ" አሉ፤ ፊታቸው ከአራት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈካ። አዳነ ማንንም ሳያስቀድም ገባ።

ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ልብሱ በምድጃው ዳር መድረቅ ሲጀምር አንዱ ስለ ፈተናው አነሳ። ይሻው መቶ አርባ ሰው ለሦስት ቦታ መቀመጡን፣ ውጤቱም በአሥራ አምስት ቀን እንደሚለጠፍ ነገራቸው።

"ካለፍክ እሰየው" አሉ ወይዘሮ ውዴ ትልቁን ቁራሽ ለልጃቸው እየሰጡ። "ካላለፍክም የሠላሳ ሦስት ቀን ተኩል ሥራ አለህ።"

"እንደ እሱ አጨዳ ከሆነ ስልሳ ሰባት ነው" አሉ አያ ሙላቴ ጠላቸውን ፉት ብለው፣ ማጭዱንም ከጎናቸው አንስተው ለይሻው መለሱለት።